አምስቱን ስድስት ያልኩ ዕለት

በዓለም ላይ ካሉት የመንኮራኩር አዟሪዎች ሁሉ አንደኛው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ በጣም ርቆ ስለሚከተለኝ አይታየኝም። በመዝናኛው ግቢ መሃል የቆመውን፣ ሰው እየጮኸ ወጥቶ እየሳቀ የሚወርድበትን ያንን ክብ የብረት ተራራ በአንዲት ጣቴ ነው የማዞረው። እርግጥ ጣቴ የምትጫነው አረንጓዴ ቁልፍ አለ። ቁልፍማ ማንም ይጫናል፤ ዋናው አጫጫኑ ነው።

በብረቱ ዙሪያ የተንጠለጠሉትን ባለጣሪያና ባለበር ሳጥኖች ጋቢና እንላቸዋለን። በትልልቁ ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ከአንድ እስከ ሃያ። ለሰው ሳወራ መቶ ናቸው። ለዚህ ታሪክ ግን ሃያ መሆናቸው የግድ ስላስፈለገ፣ እያንገሸገሸኝ እውነቱን ተናግሬያለሁ። በተረፈው እንደ ወትሮዬ ነኝ።

ይህ መንኮራኩር ጋቢናዎቹን በተርታ አይጭንም። ጎን ለጎን ያሉትን ብቻ ከሞላሃቸው አንዱ ወገን ይከብድና ብረቱ እንደ ሰካራም ያዘነብላል። ስለዚህ እየዘለለ ነው የሚቆመው። ቁልፏን አንዴ ስጫን ሰባት ይቆጥርና ሰባተኛውን ጋቢና መድረኩ ላይ ያመጣል። ሰባት ቁጥር ቆሞ ከነበረ ቀጥሎ አሥራ አራት ይመጣል፤ ከዚያ ሃያ አንድ የሚባል ጋቢና ስለሌለ ክቡ ይገጥምና አንድ ቁጥር፤ ከዚያ ስምንት፤ ከዚያ አሥራ አምስት። እንዲህ እያለ አንዱንም ሳይረሳ ሃያውንም ያዳርሳል፤ ሁሉም ይወርዳል፣ ሁሉም ይሳፈራል። ሰባትን ማን መረጠው ለሚለኝ ሁሉ «እኔ፤ ከብዙ ዓመት ምርምር በኋላ» እለዋለሁ። ምርምሩ ይኸው ነው፦ ስቀጠር የቁጥሯ ማዞሪያ ሰባት ላይ ነበረች፤ እኔም አልነካኋትም።

አሁን ወደ አማቴ።

አማቴ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህርት ናቸው። በማስመሪያቸው ስር ያለፈው ተማሪ የአንድ አገር ሕዝብ ያክላል ስል፣ ባለቤቴ «ሁለት ሺህም አይሞላ» ብላ ታርመኛለች። የእናቷ ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ። እሳቸው ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ አንድም ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «አንተ ሰው» ነው የሚሉኝ። ስናገር መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ ያደርጉና፣ የተሳሳተ መልስ የተጻፈበት ሰሌዳ እንደሚያዩ ያዩኛል።

በክረምቱ ብቻቸውን ከሚኖሩበት ቤት ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ወደቁ። ደግነቱ አልተሰበሩም። ባለቤቴ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አጣች። «እማዬ እኛ ጋ ትግባ» አለች። ትንሿን ክፍል ቀለም ቀባናት፤ በእኔ ቋንቋ አዳራሽ አደረግናት። የአማቴ መልስ በስልክ መጣ፤ ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር እኔም ሰማሁ፦

«ዕድሜ ልኬን የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬያለሁ። እርጅናዬን ደግሞ ያ ሰውዬ የሚቀደውን ሳርም ልጨርሰው? እመጣለሁ፤ ሥራውን አያለሁ። ከነገረኝ ሁሉ አንዲት እውነት ካገኘሁ እቆያለሁ። አንዲት! ካጣሁ በማታው አውቶቡስ እመለሳለሁ።»

የመጡ ዕለት ጠዋት ባለቤቴ የሸሚዜን ኮሌታ እያስተካከለች «ዛሬን ብቻ» አለችኝ። «የፈለግከውን ነገ ቅደድ። ዛሬን ብቻ እንዳለ ተናገር፤ በሞቴ።» ዐይኗን አየሁት። እሺ አልኳት። ከልቤ ነበር፤ የልቤን ግን ምላሴ ሁልጊዜ አትሰማም።

አማቴ ከአውቶቡስ ወርደው በቀጥታ ከነሻንጣቸው ወደ ግቢው መጡ። ሻንጣውን ከቲኬት መሸጫው መስኮት ስር አቆሙና «እዚሁ ይጠብቀኝ» አሉ። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

«ሃያ» አሉ። «መቶ ነበር ያልከኝ።»

«ሰማንያዎቹ ጥገና ላይ ናቸው፣ እማማ።»

ባለቤቴ እግሬን ረገጠችኝ።

«ደመና ይነካልም ብለህ ነበር።»

«ዛሬ ደመናው ነው ከፍ ያለው።»

ባለቤቴ ሌላኛውን እግሬን ረገጠችኝ። አማቴ ሁለት ጣታቸውን አጠፉ። «ሁለት ስሕተት። እስቲ ሌላ፤ በስልክ በተደዋወልን ቁጥር የማትረሳት አንዲት ነገር ነበረችህ።»

አወቅኋት። ደረቴን ነፋሁ። «በእኔ እጅ ወጥቶ ሳይወርድ የቀረ ሰው የለም!»

«እሷን ልያት» አሉና ሰባት ቁጥር ጋቢና መድረኩ ላይ ስለነበር ዘው ብለው ገቡ። በሩ በራሱ ጊዜ ተቆለፈ። ባለቤቴ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ምን ያስጨንቃታል? ይህቺኛዋ እኮ እውነት ናት! እኔም ራሴ ገርሞኛል።

ቁልፏን ተጫንሁ። አማቴ ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ፣ ሽቅብ ሄዱ። አሥራ አራት ቁጥር መጣ፤ አወረድሁ፣ ጫንሁ። ቀጥሎ አንድ ቁጥር መጣ፤ እዚያ ላይ የተሳፈረው ምላጩ ነው። ምላጩ ከግቢው በር አጠገብ ያለው ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ከመሣሪያው ይልቅ ምላሱ የተሳለ። የሥራ ቀኑ እኔን ሳይነካካ አይመሽለትም።

«ኢንጂነር!» አለኝ እየገባ። «ዛሬ ስንት ሺህ ሜትር ነው ከፍታው?»

«ለአንተ ሲሆን አነስ ይላል። ግባ፣ ሰልፉን አታስቁም።»

«አማትህ መጡ አሉ። መቶውን ጋቢና ቆጠሩልህ?»

በሩ አፉ ላይ ተዘጋልኝ። ተጫንሁ፤ ስምንት ቁጥር መጣ። ይኼኔ ሰባት ቁጥር መድረኩን ሽው ብሎ ሲያልፍ የአማቴ ድምፅ ከመስኮቱ ወጣ፦ «አንተ ሰው! ይኼ ሁሉ መዞር ምንድነው? አሳጥረው!»

አማት ሲያዝ ማን እምቢ ይላል? እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ባለሙያነቴ የታየው። ሰባትን ወደ ስድስት ብቀንሰው መዞሩ ያጥራል አልኩ፤ ሰባት ከስድስት ይበልጣል፤ ይህን ለማወቅ መምህርት መሆን አያስፈልግም። ወደ መቆጣጠሪያዋ ሳጥን ሄድሁና፣ ተሰላፊው ሁሉ እንዲያየኝ ክንዴን ወደ ሰማይ ካነሳሁ በኋላ፣ ማዞሪያዋን ይዤ ጥምዝ! ስድስት ላይ ገባች። ከገባች በኋላ ግን እጄ ውስጥ ቀረች። ከሥሯ ተሰብራ! ያረጀች ፕላስቲክ ናት፤ እርግጥ የእኔም ጉልበት የሚቻል አይደለም።

ማዞሪያዋን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ምንም እንዳልሆነ ሰው እያፏጨሁ ተጫንሁ። አሥራ አራት መጣ። ሃያ መጣ። ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት። ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል፣ እኔ አፏጫለሁ። አራት፣ አሥር፣ አሥራ ስድስት፣ ሁለት። ከዚያ ስምንት።

«ቆይ» አለች ባለቤቴ። «ስምንት ቅድም መጥቶ ነበር።»

«ስምንት ተወዳጅ ጋቢና ነው።»

«ሰባትስ?»

«ሰባት እየመጣ ነው።»

ተጫንሁ። አሥራ አራት። ተጫንሁ። ሃያ። ተጫንሁ። ስድስት። እንደገና ስጫን አማቴ ሽው ብለው አለፉ፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነበር። ከኋላቸው ዘጠኝ ቁጥር አለፈ፤ ውስጡ ያሉት አራት ወጣት ነርሶች እያጨበጨቡ ነው። አሥራ አንድም አለፈ፤ አሥራ ሦስትም። ማንኛቸውም አይቆሙም። ያኔ ነቃሁ። ከሃያው ጋቢና ግማሹ ይመጣል፣ ይወርዳል፤ ግማሹ መድረኩን እያየ ያልፋል እንጂ አይቆምም። የሚቆሙት ሁሉ ለሁለት እኩል የሚካፈሉት ናቸው። ጎዶሎዎቹ አየር ላይ ናቸው። አማቴ ደግሞ ጎዶሎ ናቸው፤ የጋቢናውን ቁጥር ማለቴ ነው።

ሁለት ጊዜ አከታትዬ ተጫንሁ። አሥራ ሁለት ጋቢና ዘለለና ያው ተጋማሹ መጣ። ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ ሞከርሁ፤ ወደ ኋላም ስድስት ነው የሚሄደው፤ ያው ተጋማሹ። ቀዩን የአደጋ ቁልፍማ አልነካውም። በሮቹ የሚከፈቱት ብረቱ ራሱ ቆጥሮ ሲቆም ብቻ ነው፤ ቀዩን ከነካሁት ሁሉም በር ይቆለፍና መፍቻው ያለው የግቢው ባለቤት ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ለጉዳይ ወጥቶ የሚመለሰው ነገ ነው። ሰው ሁሉ አየር ላይ ሊያድር!

የሚቆሙትን እያወረድሁ አዲስ ሰው መጫን አቆምሁ። በዚህ መሃል ወሬው ተሰላፊው ጋ ደረሰ። እኔ ይቆጣሉ ስል፣ ቅናት ያዛቸው። «እነዚያ በአንድ ቲኬት እስከ መቼ ነው የሚዞሩት?» አለ አንዱ። «ለእኛም የጎዶሎ ስጠን!» አለች ሌላይቱ። ከአሥር ቁጥር ገና የወረደ ወፍራም ሰውዬ «ያለ አግባብ ነው የወረድሁት» ብሎ ክስ ጀመረ። ላይ ያሉት ጎዶሎዎች ደግሞ ነገሩ ገብቷቸው በየመስኮቱ እጃቸውን እያውለበለቡ ይዘፍናሉ። ነርሶቹ ጋቢናቸውን በጭፈራ ያወዛውዙታል። ግቢው ሠርግ ቤት መሰለ፤ ከእኔና ከባለቤቴ በቀር።

«አንተ ሰው!» አሉ አማቴ እያለፉ። «ስንት ላይ ነው ያደረግኸው?»

«ስድስት!» ብዬ ጮኽሁ፤ እሳቸው ግን ወደ ላይ ሄደዋል። ቀጣዩን ቃል ለመስማት ብረቱን ማዞር አለብኝ። ተጫንሁ፣ ተጫንሁ፣ ተጫንሁ።

«ስድስትና ሃያ—» አሉና አለፉ።

ተጫንሁ፣ ተጫንሁ፣ ተጫንሁ።

«—የሚጋሩት ምንድነው?»

«ፍቅር!» አልኩ።

ከላይ ከአንድ ቁጥር የምላጩ ሳቅ እንደ ጠጠር ወረደብኝ። «ኢንጂነር ሆይ! ፍቅር አለ! እማማ፣ ሰምተዋል?»

በሚቀጥለው ዙር አማቴ እስከ ወገባቸው በመስኮቱ ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም፦ «ሁለትን ነው የሚጋሩት! ሁለቱም ለሁለት ይካፈላሉ! ከተጋማሽ ተነስተህ—» አለፉ። ተጫንሁ፣ ተጫንሁ፣ ተጫንሁ። «—ስድስት ስድስት እየዘለልህ፣ በሃያ እየገጠምህ፣ ጎዶሎ ላይ እስከ ምጽአት አታርፍም!» አለፉ። ሌላ ዙር። «ሰባትና ሃያ ግን ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም! ለዚህ ነው ሁሉንም የሚያዳርሰው! ማነው ያስነካህ?»

ያስነኩኝ እሳቸው ናቸው። ግን አማት ናቸው፤ ዋጥ አደረግሁት።

ባለቤቴ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላለች። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ከግቢው ውጭ የማታው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ። አጠገቧ ሄድሁ። ቀና ብላም አላየችኝ።

«ከነገርካት ሁሉ አንዷ እውነት ነበረች» አለች ቀስ ብላ። «እሷም ይኸውና አየር ላይ ቀረች። አሁን እማዬ ብትወርድም ከዚህ ሻንጣ ጋር ነው የምትሄደው። ክፍሏን ቀለም የቀባሁት ለማን ነበር?»

እኔ ቃል አጥቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ጥርሴን ሲነቅሉኝ እንኳ አውርቻለሁ። ያኔ ግን አንዲት ቃል አልመጣልኝም። ተመልሼ ሄድሁና ቁልፏን ተጫንሁ፤ ቢያንስ አማቴ ሲሰድቡኝ ልስማ ብዬ።

ሳይሰድቡኝ አለፉ። የጠየቁት ሌላ ነበር፦ «ብረቱ ማለፋችንን በምን ያውቃል?»

«ከየጋቢናው ስር የብረት ምላስ አለች፤ እዚህ መድረኩ ስር ያለችውን ማንሻ ስትነካት ቀጭ ትላለች! ስድስት ቀጭ ሲሰማ ይቆማል!»

በሚቀጥለው ዙር፦ «ማንሻዋን ሰው ይነካታል?»

«በመጥረጊያ እንጨት ይደረሳል!»

ሁለቴ ተጫንሁ። ብረቱ ሲቆም አማቴ በስተጎን፣ ከመንኮራኩሩ እምብርት ትይዩ ሆነው ቀሩ፤ ከፎቅ ቤት መስኮት ላይ ሆኖ ጎረቤት እንደሚያናግር ሰው ቁልቁል ያዩኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንቋረጥ የምንነጋገርበት ቦታ ተገኘ።

«መሬት ላይ ያለው ስንት ቁጥር ነው?»

«ሁለት!»

በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ፊታቸው ላይ አይቼው የማላውቀው ነገር መጣ። ልክ ተንኮል ሊሠራ የተዘጋጀ ተማሪ መሰሉ።

«አንተ ሰው፣ ስማኝ። ዕድሜ ልክህን አምስቱን ስድስት እያልክ ኖረሃል አይደል? ለእኔ ብለሃል፣ ለልጄ ብለሃል፣ ለአገር ለምድሩ ብለሃል። እስቲ አሁን ለዚህ ብረት በለው!»

ገባኝ! ወገኖቼ፣ እንደ መብረቅ ነው የገባኝ! መጥረጊያውን አንስቼ ከመድረኩ ጠርዝ ወዲህ በደረቴ ተኛሁ፤ ባለቤቴን «ቁልፏን ተጫኚ!» አልኳት። ተጫነች። ብረቱ ተንቀሳቀሰ። ሦስት ቁጥር አለፈ፤ ቀጭ። አራት ቁጥር፤ ቀጭ። አምስት ቁጥር፤ ቀጭ። ከዚያ እኔ፣ ማንም ሳያልፍ፣ ማንሻዋን በመጥረጊያው እንጨት ቀጭ! አደረግኋት። በሕይወቴ ካወራሁት ወሬ ሁሉ አጭሩ እሱ ነው፤ እንደ እሱ አሳምሬ ያወራሁትም የለም። ስድስት ቁጥር መጣ፤ ቀጭ። ሰባት ቁጥር መጣ፤ ቀጭ።

ምስኪኑ ብረት አምስት ጋቢና አሳልፎ ስድስት አለፉ ብሎ አመነኝ። ከተፈጠርሁ ጀምሮ ሳያርመኝ ያመነኝ እሱ ብቻ ነው። ቆመ። በሩ ተከፈተ።

ሰባት ቁጥር!

አማቴ አንድ እግራቸውን አወጡ፤ መሬቱ ስላልረጋላቸው ወዲያና ወዲህ ተንገዳገዱ፤ መነጽራቸው ጆሯቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጸጉራቸው በነፋስ ቆሟል። ባለቤቴ በአንድ ወገን እኔ በሌላ ደገፍናቸው። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሱ መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ ሳቅ ነው! በዚያ ሁሉ ዓመት ጥርሳቸውን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሠላሳ ሁለቱንም አየኋቸው፤ ምናልባትም አርባ። ሳቃቸው ወደ ባለቤቴ ተላለፈ፣ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሰልፈኛው። ወፍራሙ ሰውዬ እንኳ ክሱን ትቶ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«እኔስ?» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ምላጩ ነው። ድምፁ የወትሮው አይደለም፤ ፊቱ የሳሙና አረፋ መስሏል። «ቀጣዩ እኔ ነኝ አይደል፣ እማማ?»

አማቴ እንባቸውን እየጠረጉ በጣታቸው አየር ላይ ጻፉ። «አሁን ከሰባት ነው የምንነሳው። አሥራ ሦስት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ አምስት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሰባት፣ ሦስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት…» ቀና አሉ። «ከዚያ አንድ። ከጎዶሎዎቹ ሁሉ መጨረሻ ነህ፣ ልጄ፤ ተመቻችተህ ተቀመጥ!»

ለእሱ ልጄ! እኔ በደረቴ የተሳብኩት «አንተ ሰው» ሆኜ ቀረሁ! ቢሆንም ቅር አላለኝም፤ በተለይ ምላጩ ባለፈ ቁጥር ቆቤን አንስቼ «ኢንጂነር፣ ከፍታው እንዴት ነው?» ስለው። ነርሶቹ ወረዱና እንደገና ካልተሳፈርን ብለው ተጣሉኝ። ሁሉም በተባለው ተራ፣ አንድም ሳይዛነፍ ወረደ። ምላጩ በመጨረሻ ሲወርድ ምላሱ ደንዝዟል፤ የአማቴን እጅ ብቻ ጨብጦ ወደ ሱቁ በዚግዛግ ሄደ። እኔም ጋቢናዎቹ ባዶ መሆናቸውን አይቼ ብረቱን አጠፋሁና መድረኩን በገመድ ዘጋሁ።

የአውቶቡሱ ጥሩምባ ሁለተኛ ተነፋ። ባለቤቴ ሻንጣውን አየች፣ እናቷን አየች።

አማቴ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «አንተ ሰው፣ ሻንጣውን ያዝ።»

«ወደ አውቶቡሱ ነው፣ እማዬ?» አለች ባለቤቴ በቀስታ።

«አንዲት እውነት አላልኩም እንዴ? ወጥቼ ሳልወርድ ቀረሁ? ይኸው በእግሬ ቆሜያለሁ። በይ ክፍሌን አሳዪኝ።»

ባለቤቴ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እኔ ሻንጣውን ተሸከምሁ፤ አንድ ኩንታል ይመዝናል፤ በአንድ እጄ ነው የያዝሁት።

ቤታችን ደረጃ ስር የታችኛዋን ጎረቤታችንን አገኘናት። ስለ ሁሉም ነገር ማወቅ የምትወድ ሴት ናት። «እንኳን ደህና መጡ! የት ቆይታችሁ ነው እንዲህ ያመሻችሁት?»

«መንኮራኩር ላይ» አሉ አማቴ። አሁንም ትንሽ ይንገዳገዳሉ፤ በእኔ ክንድ ተደግፈዋል። «ልጄ ነው የሚያዞረው። ሃያ አንድ ጋቢና አለው።»

መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው በጎን አዩኝ።

«ሃያ ነው» ልል አፌን ስከፍት፣ ባለቤቴ እግሬን ረገጠችኝ።